ከግጭት በኋላ ትምህርት ለሰላም ያለው ድርሻ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ግጭት በበረደበት አካባቢ ሁሉ ወላጅ ቶሎ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ወድመው ሕፃናት ከትምህርት ገበታ መራቃቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ የበሩ መከፈት ብቻውን ሰላም አያመጣም። ወሳኙ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ለዚህም ሩዋንዳ ጥሩ ማስረጃ ናት።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲያልቅባት ትምህርት ቤት ያልነበራት አገር አልነበረችም። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት መምህሩ ሁቱና ቱትሲ ተማሪዎችን ለየብቻ እያስነሣ ይቆጥር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ መግቢያም በብሔር ኮታ ይደለደል ነበር። በቤቱ ስለ ብሔሩ ያልተነገረው ልጅ ሳይቀር ልዩነቱን ክፍል ውስጥ ተማረው። ከጭፍጨፋው በኋላ መንግሥት ብሔር የሚጠቅሰውን መታወቂያ ሻረ። የአገሪቱ ታሪክ ትምህርትም ለዓመታት ተቋረጠ። ይህ መፍትሔ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ትምህርት ቤት የተወውን ታሪክ ጎረቤት በራሱ መንገድ ይተርከዋልና።

አዋቂው ገበሬስ የት ይማር? በደቡብ ሩዋንዳ ማራባ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1999 አባሁዛሙጋምቢ የሚባል የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ ለአንድ ዓላማ የሚተባበሩ እንደ ማለት ነው። ከአባላቱ መካከል በጭፍጨፋው ባላቸውን ያጡ ሴቶች ነበሩበት። ገበሬው ቡናውን በየቤቱ ፈልፍሎ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተሠራ፤ ሥልጠናም ተሰጠ። ቀይ እሸት ብቻ መልቀም፣ የሚንሳፈፈውን በውኃ መለየት፣ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ፣ ቡና መቅመስ።

ይህ ትምህርት ስለ ዕርቅ አንድም ቃል የለበትም። ነገር ግን አንዱ አባል ጥሬ ቀላቅሎ ቢያመጣ የሁሉም ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ የጎረቤት ቅርጫት የሁሉም ጉዳይ ሆነ፤ ሰላምታ ያቋረጡ ሰዎችም ቢያንስ ስለ እሸት መነጋገር ግድ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የማራባ ቡና በአሜሪካ ሉዊዚያና ገዢ አገኘ። ሐዘኑ በዚህ ተሽሯል ማለት አይደለም፤ የጋራ ሥራ ግን ተገኝቷል።

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። በተግባር ግን የሥልጠና በጀት ለኮሚቴ አባላት አበል የሚያልቅበት ጊዜ አለ (የበዓል ካናቴራም ሳይረሳ)። ደረሰኙን ማንበብ የማይችል አባል ጎረቤቱ ስንት እንደተከፈለው የሚሰማው በወሬ ነው። ሚዛኑን ሲጠራጠር መዛኙን ይጠራጠራል፤ ቂም ባለበት ቀበሌ ደግሞ መዛኙ የማን ወገን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አይፈጅም።

ስለዚህ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ የኦዲት ሪፖርቱ ሲነበብ፣ ለአባላት ትምህርት የዋለው ገንዘብ ተነጥሎ ይቅረብ። ስንት ሴት አባላት ደረሰኝና ሚዛን ማንበብ እንደተማሩ፣ ግጭት ከነካቸው ቀበሌዎች የመጡት ስንቶቹ እንደሆኑም አብሮ ይነበብ።