ለጣና ማን ይክፈል?

በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። አዋጁ ከተሞች ከመሬትና ከሕንፃ ገቢ እንዲሰበስቡ መንገድ ይከፍታል። ለባሕር ዳርስ ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ቦታ የሚወደደው ጣና ስላለ ነው። ጣና ግን ታሟል። እምቦጭ የተባለው አረም ከ2004 ገደማ ጀምሮ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቶ ጀልባውንም መረቡንም አስሯል። አረሙን የሚያፋፋው ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ወገቡን አጉብጦ ቢነቅልም መነሻው ካልተነካ ተመልሶ ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2007 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ምዝገባው ግን የፍሳሽ ማጣሪያ አይሆንም።

የጢስ ዓባይም ነገር ከዚሁ አይርቅም። በ1993 ፏፏቴው ውኃውን ለሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ማካፈል ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በቀጥታ ከሐይቁ መቅዳት ጀመረ። ፏፏቴው ሲሳሳ ጎብኚም ይሳሳል፤ አስጎብኚው ወጣትና ሻይ የምታፈላው እናት ገቢያቸው ይቀንሳል።

በኔ እምነት ከአዲሱ ግብር የተወሰነው ድርሻ ለፍሳሽ ማጣሪያና ለሐይቁ ዳርቻ በሕግ መታሰር አለበት። የሐይቅ ዳር ሆቴልና በጡረታ ገንዘብ የተሠራች ጎጆም በአንድ ዓይን አይታዩ። የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ ግብሩ ሲተመን በየቀበሏችሁ ተገኝታችሁ ለጣና ስንቱ እንደሚውል ጠይቁ።