እርዳታም አማና ነው





የማነሳው ጉዳይ ለገዋኔ ሰው እንግዳ አይደለም። በአዋሽ ዳር ለምንኖር ሕዝብ እርዳታ የዕለት ተዕለት ቃል ሆኗል። ድርቅ ሲመጣ ስንዴ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሸራ፣ ውሃ ሲጠፋ ጉድጓድ ቆፋሪ ይመጣል። ስለ ተቀባዩ ችግር ብዙ ይነገራል፤ እርዳታ እንዴት እንደሚመደብና በማን ላይ አደራ ሆኖ እንደሚቀር ግን እምብዛም አንነጋገርም። ስለሆነም ከአገራችን ወጥተው በዚህ ሥራ ታላቅ ኃላፊነት ላይ የደረሱ የአንድ ሰው ታሪክ አቀርብላችኋለሁ።

አቶ ዳንኤል ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደው በክሌርሞንት መኬና ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ፣ በፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የንግድ ሥራ አመራር ተማሩ። ከዚያም ባንክ ገብተው ደረጃ በደረጃ ከፍ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1999 የኮሎራዶ ናሽናል ባንክ ፕሬዚዳንትና ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ከዚያም እስከ 2003 የዩ.ኤስ. ባንክ ምክትል ሊቀ መንበር ነበሩ። በወለድ ላይ ያለን አቋም የታወቀ ስለሆነ ወደዚያ አልገባም። እዚህ የምንፈልገው አንድ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ደህና የሒሳብ ሰው የወጣው ብር የት እንደደረሰ ሳይጠይቅ የማያድር መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አቶ ዳንኤልን ለሚሌኒየም ቻሌንጅ ኮርፖሬሽን ዋና ሥራ አስፈጻሚነት አጩአቸው፤ ሴኔቱም አጸደቀ። እስከ 2014 መሩት። ቀጥሎም እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ ፓሪስ በሚገኘው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ።

ኮርፖሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘቡን ለድሀ አገሮች የሚሰጠው በብድር ሳይሆን በስጦታ ነበር። አሠራሩም ሦስት መሠረት ነበረው። አንደኛ፣ ማን ይቀበል የሚለው በመለኪያ ይታያል። አገሮች በአስተዳደራቸው፣ ለጤናና ለትምህርት በሚያደርጉት ጥረት፣ በኢኮኖሚ ነፃነታቸውም ይመዘናሉ። መለኪያዎቹ በአቶ ዳንኤል ዘመን ተሻሽለው 20 ሆኑ። ሙስናን መቆጣጠር ያቃተው አገር በሌላው ጥሩ ነጥብ ቢያገኝም ፈተናውን አያልፍም። ሁለተኛ፣ ዕቅዱን የሚያወጣው ተቀባዩ አገር ነው፤ ሥራው ግን በ5 ዓመት ማለቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ወጪውና ጥቅሙ አስቀድሞ ይሰላል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ተጠንቶ ለሕዝብ ይገለጻል።

ለምሳሌ እንደ እኛው ውሃ የሚቸግራት ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2010 የ275 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመች። በዚህም በዘርቃ የውሃ ቧንቧዎች ታደሱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያውም ተስፋፋ፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ለመስኖ ይውላል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመጣብህ አይቀርም፤ «የአገራችን ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለኢትዮጵያ ምን አመጣ?» መልሱ አጭር ነው። በእርሳቸው ዘመን ኢትዮጵያ ይህን የ5 ዓመት ውል አልተፈራረመችም። ምርጫው በመለኪያና በቦርድ እንጂ በዋና ሥራ አስፈጻሚው የትውልድ አገር አልነበረም። እኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ወገኑ በተሾመ ጊዜ በጎሳው ስም የሚጠብቅ ሰው በየመንደራችን አለና፣ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ሆኖም ዘመድ የሆነ ሁሉ የሚያገኝ ከሆነ፣ ዘመድ የሌላት ባልቴት የት ትደርሳለች? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ጎተራ ላይ እንዲሾሙ ሲጠይቁ ያቀረቡት ዘራቸውን ሳይሆን ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን ነበር።

ይሁንና ይህ አሠራር መራራ ጎንም አለው። ማሊ የ461 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበራት፤ ከሥራዎቹም አንዱ በኒጀር ወንዝ የአላቶና መስኖ ነበር። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ወታደሮች መንግሥት ገለበጡ፤ እርዳታው ቆመ፣ ውሉም ተሰረዘ። በማላዊም ሰልፈኞች ከተገደሉ በኋላ ለኤሌክትሪክ የተመደበው 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል ታገደ፤ በ2012 አዲስ መሪ ሲመጣ ተመለሰ። የማሊ ገበሬ መፈንቅለ መንግሥት አላደረገም፤ መዘዙ ግን ለእርሱም ተረፈ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አሜሪካ ለኢትዮጵያ በሙሉ የምትሰጠውን የምግብ እርዳታ አቆመች። ምክንያቱ ለተራቡት የተላከው እህል ወደ ሌላ ቦታ መዞሩ ነበር። በአጠቃላይ እስኪመለስ ድረስ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የተራበው ስንዴውን የወሰደው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። እንግዲህ የሰጪ እጅ ሁልጊዜ እንደማይዘረጋ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ የምናገረው ነገር አንድ ነው፦ ሒሳብ የሰጪው ቁጥጥር ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ የድሀው መከላከያ ነው።

መቁጠር ማለት ኪሎና ብር መቁጠር ብቻም አይደለም። የተሠራው ነገር ጠቅሟል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ኮርፖሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2012 በ5 አገሮች የተካሄዱ የገበሬ ሥልጠናዎችን ውጤት አወጣ። በአንዳንዶቹ የእርሻ ገቢ ቢያድግም፣ የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ማደጉን ማሳየት አልተቻለም። ይህንኑ ሳይሸሽጉ ጻፉት። በ2013 የእርዳታ ድርጅቶች በግልጽነታቸው ሲመዘኑ ኮርፖሬሽኑ ከ67ቱ አንደኛ ወጣ። እኛም ውጤቱ በጊዜ ያልተለካ ሥራ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በረሃን ይከላከላል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ፤ ዛሬ የግመሉንና የከብቱን ግጦሽ ወርሶ ተቀምጧል።

ግልጽነት ለአፋር የፈረንጅ ትምህርት አይደለም። ዳጉ አለን። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ወሬ የሚያጣምም ሰው ይነቀፋል። የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የጠላትን ወሬ በእውነት የምናቀብል ሰዎች የስንዴውን ወሬ ለምን እንሸፋፍናለን? እህል ሲመጣ ስንት ኩንታል እንደገባና ለማን እንደተሰጠ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ስሙ የተዘለለ ችግረኛ ካለ፣ የሌላ ጎሳ ሰው ቢሆንም፣ የሰማ ሁሉ ይናገርለት። የውሃ ሞተር ሲተከል ነዳጁን ማን እንደሚገዛ፣ ሲሰበር ማን እንደሚያሠራው ድርጅቱ ሳይሄድ ይወሰን። ከየቤቱ የሚዋጣው ብርም በመዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡም ለጠየቀ ሁሉ ይከፈት። ልጆቻችሁንም፣ ሴት ልጆችን ጨምሮ፣ ሒሳብ አስተምሩ፤ ያንን መዝገብ ነገ የሚይዙት እነርሱ ናቸውና።

አቶ ዳንኤል የቢሊዮን ዶላር ሥራ መርተዋል። በእኛ እጅ ያለው ምናልባት አንድ ጎተራና አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው። መጠኑ ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ በመጨረሻው ቀንም ትንሹ ከትልቁ ጋር ይጠየቃል። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።