ኮምፒውተራችንንም በየሳምንቱ እንየው
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በጽሕፈት ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ቢሮ ኮምፒውተራችን ነው። «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው» የምትሉ እናቶች ትኖራላችሁ። ነገር ግን የሁላችንም ቁጠባና ብድር የተመዘገበው እዚያ ውስጥ ነው።

አምና ኮምፒውተሩ «ማሻሻያ አለ» ሲለን፣ የኢንተርኔት ወጪ ለመቀነስ ብለን «በኋላ» እያልን እንዘጋው ነበር። አንድ ቀን በፍላሽ የገባ ቫይረስ የሦስት ወር መዝገብ አበላሸብን። ደብተራችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ሒሳቡን አንድ በአንድ ባታስሞሉን ኖሮ፣ የማን ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማወቅ ባልቻልን ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ይህ በትልልቆቹም ደርሷል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዊንዶውስ አንድ የደኅንነት ማሻሻያ አወጣ። ብዙዎች ሳይጭኑት ቆዩ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች ፋይሎችን ቆለፈ፤ ማስከፈቻ ገንዘብም ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ ተሰረዘ። መድኃኒቱ ግን ከሁለት ወር በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። ማሻሻያ ሲወጣ ቀዳዳው የት እንዳለ ሌባውም ያውቃል፤ ስለዚህ መዘግየት ያስጠቃል።

አሁን ኮምፒውተራችን ላይ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሲሆን፣ ለዋና ፓኬጆቹ መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ የሚሰጠው እስከ 2029 ነው። ፓኬጅ ስንል የስልኩን አይደለም፤ አንድ ፕሮግራም ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ጥቅል ማለታችን ነው። ፓኬጆቹ የሚመጡት ከታወቀ ማከማቻ ነው። ኮምፒውተሩም የማከማቻውን ዲጂታል ፊርማ አይቶ፣ ካልተስማማው ይመልሰዋል። በርበሬ ከማናውቀው ሰው እንደማንገዛ ሁሉ፣ ፕሮግራምም ከመንገድ አናነሳም።

ዘወትር ዓርብ ቢሮ ከመዝጋታችን በፊት የምንሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ መዝገቡን በውጪ ዲስክ ላይ ገልብጠን፣ ዲስኩን ነቅለን ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን፤ ማሻሻያ ብቻውን ሁሉን አያድንምና። ቀጥሎ ምን አዲስ ማሻሻያ እንደመጣ ኮምፒውተሩን እናስጠይቀዋለን፤ ከዚያ እንጭናለን። «እንደገና አስነሳ» ካለን እናስነሳዋለን፤ አንዳንዱ ማሻሻያ ካልተነሳ ሥራ አይጀምርም። አንዷ ብትታመም ሥራው እንዳይቆም፣ ይህን የሚያውቁ ሁለት እህቶች አሉ።

ደጋፊዎቻችን ኮምፒውተሩን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ላም የሰጠ ግን ሣሩንም ቢያስብ መልካም ነው። ጉባኤው የወር የኢንተርኔት ወጪን በበጀቱ ውስጥ በቋሚነት እንዲይዝልን እንጠይቃለን። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ግን እያንዳንዷ እህት ከጉሮሮዋ ቀንሳ ያስቀመጠችውን ነው።