«ደምሽ ነፃ ነው» ሲባል
(ሰቆጣ ላይ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሐሞት ከረጢት ሕመም የምንናገረው አንዲት አባላችንን ልናጣት ስለነበር ነው። ስሜን አትጥሩ፣ ታሪኩን ግን ንገሩልኝ ብላናለች። የፋሲካ ለት የፍየል ሥጋ በልታ፣ ሌሊቱን ከቀኝ ጎድኗ ሥር ወግቶ እስከ ትከሻዋ ያዛት። ጨጓራ ነው ብለን ፌጦ አጠጣናት። ሲብስባት ተመርምራ ታይፎይድ ተባለች፤ መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ሕመሙ ተመለሰ። እንደገና ደም ሰጥታ «ደምሽ ነፃ ነው» ተባለች። ነፃ ከሆነች ምን ሆንኩ ትላለች ያልን ከመካከላችን ነበርን፤ ዛሬ ያሳፍረናል።

በሦስተኛው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጣ። ነጭ የደም ሴሏ 16,000 ደርሷል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ከረጢቱ አንገት ላይ ጠጠር ተሰንቅሮ ግድግዳው አብጧል። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ይኸው አብራን ተቀምጣለች።

ባለሙያዎችን እየጠየቅን የተረዳነው፣ የደም ምርመራ ብቻውን «ሐሞት ነው» ወይም «አይደለም» ማለት እንደማይችል ነው። ነጭ የደም ሴል በአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ መሆኑን ይነግራል እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም፤ በእርግዝናም ከፍ ይላል። ሲአርፒ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ላይ ደግሞ ከረጢቱ ተቆጥቶ ሳለ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ቢሊሩቢን በጣም ከፍ ሲል ጠጠሩ ወደ ቱቦው ወርዶ ይሆናል ብሎ ሐኪሙ ይጠረጥራል፤ ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል። ላይፔዝ ቆሽት መነካቱን ያሳያል። ሽንት የምንሰጠውም ኩላሊትንና እርግዝናን ለመለየት ነው፤ «ሆዴን አሞኝ ሽንት ምን ያደርጋል» እያልን አናጉረምርም። ለታይፎይድ የሚሠራው የቪዳል ምርመራም ታይፎይድ በሌለበት «አለ» ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከጎድን ሥር በእጁ ተጭኖ «ተንፍሺ» ሲል የሚያየውን፣ የደሙን ውጤትና አልትራሳውንዱን አንድ ላይ ነው የሚመዝነው። ሕመሙ የሚጀምረው ቅባት ከበላን በኋላ ከሆነ ሳንጠየቅ እንናገር፤ አልትራሳውንድ ያስፈልገኝ ይሆን ብለንም እንጠይቅ። ያለፈውን የምርመራ ወረቀት ይዘን እንሂድ። ሕመሙ ስድስት ሰዓት አልፎ ካልለቀቀ፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከጨመረ ግን ሌሊትም ቢሆን ነገን አንጠብቅ።

ከዝቋላም ከደሃናም ለሚመጡ እኅቶቻችን ከምርመራው ይልቅ መንገዱ ይከብዳል። ከመጠባበቂያ ሣጥናችን የመጓጓዣና የአልትራሳውንድ ብድር ያለ ዋስ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን፤ ደጋፊዎቻችንም ሣጥኑን እንድታስቡት እንለምናለን።