በምድር ላይ የሚጀምር በረራ



ዛሬ የምንናገረው ስለ መብረር ሳይሆን ከመብረር በፊት ስላለው መንገድ ነው። ፓራሞተር ማለት በጀርባ የሚታዘል ሞተርና ከጨርቅ የተሰፋ ክንፍ ነው። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል። በመንገድ ተንገላቶ የተሰነጠቀ ውልብልቢት በሰማይ ሊሰበር ይችላልና አጫጫኑን ማሰብ ይገባል።

በመኪናው ውስጥ ቢጫን የቤንዚኑ ትነት ተሳፋሪውን ያውካል፤ ለእሳትም ያጋልጣል። ስለዚህ ከመኪናው ኋላ በመጎተቻው ላይ የሚታሰር የብረት መጫኛ እንሥራ።

አንደኛ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የሚታሰረውም በጠንካራው ሻንሲ ይሁን። ዙሪያውን ያለው ቀጭን ቀለበት እጅንና ገመድን ከውልብልቢቱ ይጠብቃል እንጂ ሸክም አይችልም።

ሁለተኛ፣ ውልብልቢቱን ነፋስ እንዳያሽከረክረው ይታሰር፤ ወይም ተፈትቶ ለብቻው ይቀመጥ። ክንፉም ከቤንዚን ርቆ በከረጢቱ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የመፈንቅል ሕግ እንደሚያስተምረን፣ ሸክሙ ከመኪናው የሚርቅበት ርዝመት ከ40 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ መጎተቻውን የሚያጎብጠው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ መጫኛው ለመኪናው ቅርብ ይሁን።

አራተኛ፣ የመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የነፋሱ ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ጠፍር ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ደርበን እንሰር። ታርጋውና የኋላ መብራቱም አይሸፈኑ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከኋላችን በቢስክሌት የሚመጣው መንገደኛ ስለ በረራችን የሚያውቀው ነገር የለም። የእርሱም ሕይወት ግን በአንዲት ቡሎን ላይ ነው። እንግዲያስ ጥቂት መንገድ እንደ ሄድን ቆመን፣ ቡሎኑንና ጠፍሩን ደግመን እናጥብቅ።