ከሞሰብ የተረፈው እንጀራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሳይንስ፤ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ አገር ፍቅር መልካም መልካም ነገር አሰምተውናል። እኔ የመረጥሁት አርእስት ግን ከማጀት የወጣ ነው፤ ይኸውም በየቤታችን ስለሚባክነው ምግብ ነው።

አርእስቱን ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። «ወንድ ልጅ ስለ ሊጥና ስለ ምጣድ ምን አገባው?» አሉኝ። ነገር ግን እንጀራው በቀረበ ጊዜ «እኛ ወንዶች ነንና አያገባንም» ያለ አንድም አላየሁም። እንዲያውም አብዝተን የምንጥለው ጋግረን የማናውቀው እኛ ነን። የሆነ ሆኖ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች ስለ ማጀት ከእኔ ይልቅ እጅግ የምታውቁ ስለ ሆናችሁ ድፍረቴን ይቅር እንድትሉኝ እለምናለሁ።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ከመጽሐፍ ያነበብሁት ምክር ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው። አያቴ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛም ጋር ይኖራሉ። ሞሰቡ ሲነሣ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ይሰበስባሉ፤ መሬት የወደቀ እንጀራ ቢያዩ አንሥተው ይስሙታል። የሰነበተውን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሰው በሰፌድ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅም በጆንያ አድርገው ከአልጋቸው ሥር ያኖሩታል። እኔ ይህን እንደ ንፍገት እቆጥረው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጆንያው እንዳይታይብን እያልሁ አፍር ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ዘመዶቻችን ሊመጡ ሆነና ቤት ስናጸዳ፤ አያቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት፤ ድርቆሹን ከነጆንያው ተሸክሜ ወስጄ ከቆሻሻ ገንዳ ጨመርሁት። አያቴ ተመልሰው ነገሩን ባወቁ ጊዜ አልተቆጡኝም። ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ማታ ጠሩኝና ከዚያ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፤ እናቴ ገና ሳትወለድ፤ ባለቤታቸውና እሳቸው ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቆረም በእግራቸው ሲሄዱ የመጀመሪያ ልጃቸው ከመንገድ ቀረ። «ልጄ፤ ያን ቀን የዚያ ጆንያ እኩሌታው በእጄ ቢኖር አጎትህ ዛሬ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም የምመልሰው ቃል አላገኘሁም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድ ደብተር ያዝሁና በቤታችን የሚጣለውን እንጀራ ለ14 ቀን ቆጠርሁ። እኛ ስድስት ነፍስ ነን። እናቴ በየሦስት ቀኑ 25 እንጀራ ያህል ትጋግራለች። በ14 ቀን ውስጥ ከየገበታው የተረፈውና ሻግቶ የተጣለው ቁርጥራጭ ሲደመር 24 እንጀራ ሆነ። እንግዲህ እናቴ በእነዚያ ቀኖች አምስት ጊዜ ያህል ስትጋግር አንዱን ጋገራ ለገንዳው ጋገረችው ማለት ነው። ደብተሩን ባሳየኋት ጊዜ «ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አላሰብሁም» አለች። ይህንንም የምናገረው በእርስዋ ፈቃድ ነው።

አንድ እንጀራ በገበታ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት ምን ያህል ድካም እንዳለፈበት እናስብ። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል። ዘሩ ከእህል ሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወደቀ አይገኝም፤ ስሙም «ጠፋ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ገበሬው በክረምት ጭቃ ይዘራዋል፤ ጎንበስ ብሎ አረሙን ይነቅላል፤ በማጭድ ያጭደዋል፤ በአውድማ በበሬ ያስረግጠዋል፤ ነፋስ ጠብቆ ያበጥረዋል። ከዚያም ተፈጭቶ በእርሾ ይቦካል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ አብሲት ይጣልበታል፤ በመጨረሻም እናት ከምጣዱ ፊት ቆማ አንድ በአንድ ትጋግረዋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ ነው፤ በእንጨት የሚጋገር እንደ ሆነ ደግሞ ዛፉ ይቆረጣል፤ ጭሱም በጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይገባል። ስለዚህ እንጀራ የጣለ ሰው የጣለው እንጀራውን ብቻ አይደለም። የገበሬውን ላብ፤ የበሬውን ጉልበት፤ የዝናቡን ውሃና የእናቱን ድካም አብሮ ጥሏል።

ይህ ነገር የእኛ ቤት ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ፤ በ2022 በዓለም ላይ በመኖሪያ ቤት፤ በምግብ ቤትና በመደብር የባከነው ምግብ 1 ቢሊዮን 50 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። ይህም ለተመጋቢው ከቀረበው ምግብ ከመቶ 19 እጅ ነው። ከዚህ ውስጥ 631 ሚሊዮኑ ቶን የባከነው በሰው ሁሉ ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢካፈል፤ ልጣጩና አጥንቱ ተቆጥሮ፤ በዓመት 79 ኪሎ ይደርሰዋል። ኩንታል ሊሞላ የቀረው 21 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት እስከ 783 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ተርበው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ምግብ የሚጥሉ ባለጸጎች አገሮች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ነገር ግን ይኸው መግለጫ እንደሚያስረዳው በባለጸጎቹና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መካከል በየቤቱ በሚባክነው ምግብ ያለው ልዩነት በአንድ ሰው በዓመት ወደ 7 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ማባከን የሚመጣው ከሀብት ብዛት ብቻ ሳይሆን ከልማድም ነው ማለት ነው። ከልማድ የመጣ ነገር ደግሞ በልማድ ይታረማል።

የጣልነውስ ወዴት ይሄዳል? «ከገንዳ» ብለን እንመልሳለን፤ ገንዳው ግን መጨረሻ አይደለም። ከከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው እጅ የሚበሰብስ ነገር ነው። የሚበሰብስ ነገር አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲቀበር ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ሲለካ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይበረታል። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ደግሞ ዝናቡ የሚቀርበት ያው ጤፉን የዘራልን ገበሬ ነው።

በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ ለአምሳ ዓመት ያህል የተከማቸው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ተጫናቸው፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። እኔ የአደጋው ምክንያት የእንጀራ ትራፊ ነው አልልም። ነገር ግን ያን ተራራ ከፍ ያደረግነው በየቤታችን በጥቂት በጥቂቱ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። ከዚያ ክምር ላይ የሚበላ ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከየሆቴሉ የተሰበሰበ ትራፊ «ቡሌ» ተብሎ በገንዘብ እየተገዛ እንደሚበላም የምናውቅ እናውቃለን። አንዱ የጣለውን ሌላው እየገዛ በሚበላበት ከተማ «ትንሽ ነው፤ ምን አለበት» ለማለት አንችልም።

እንግዲህ ምክንያቱን በቤታችን በመረመርሁ ጊዜ አራት ነገር አገኘሁ።

አንደኛው፤ አዲሱን እንጀራ በአሮጌው ላይ መደረብ ነው። ከላይ ያለው ይበላል፤ ከሥር ያለው ይሻግታል። አሁን እኛ ቤት አሮጌው ወደ ላይ ይወጣል፤ አዲሱ ከሥር ይገባል።

ሁለተኛው፤ እንጀራውን ትኩሱን መደራረብ ነው። ትኩስ እንጀራ ሲደራረብ ያልበዋል፤ እርጥበቱም ሻጋታን ይጠራል። እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢደራረብ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሻጋታ ዓይን ከሚያየው አልፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋልና የሻገተ እንጀራ ላይ ላዩን ገሽልጦ መብላት ለጤና አይበጅም። ብልሃቱ ሳይሻግት መቅደም ነው። አያቶቻችን ድርቆሽን፤ ፍርፍርን፤ ቋንጣን የፈጠሩት ስለዚህ ነው። በመጽሐፍ የተማርነው ሳይንስ፤ እርጥበት ከሌለ ሻጋታ አይበቅልም የሚለው፤ በአያቴ ሰፌድ ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ሦስተኛው፤ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ማቅረብ ነው። እንጀራው ሙሉ ሆኖ ተዘርግቶ ወጥ ከነካ በኋላ የተረፈውን የሚፈልገው የለም። ጥቂት አቅርቦ መጨመር ግን ይቻላል። ለልጆችም «ጨምሩልኝ» ማለት ነውር አለመሆኑን ማስተማር ይገባል።

አራተኛው፤ በዓልና ቅበላ ነው። ነገ ጾም ሊገባ ዛሬ ድስቱ ሞልቶ ያድራል፤ በማግሥቱ የሚበላው አይገኝም። የጾሙ ቀን በድንገት የሚመጣ አይደለምና የሚበላውን ሰው ቆጥሮ መሥራት ይቻላል። የተረፈውንም ለተቸገረ መስጠት የሚገባው ገና ደህና ሳለ ነው። እኛ የማንበላውን የተበላሸ ምግብ ለሰው መስጠት ምጽዋት አይባልም። ለሰው የማይሆነው ልጣጭና ትራፊ ደግሞ ጉድጓድ ገብቶ ከአፈርና ከቅጠል ጋር ቢበሰብስ ለጓሮ አትክልት መልካም ፍግ ይሆናል።

እነዚህን በሥራ ለማዋል በጀመርን ጊዜ እናቴ አንድ ክርክር አንሥታ ነበር፤ ክርክሯም እውነት አለበት። «እንግዳ በድንገት ቢመጣ ምን ላቀርብ ነው? ሰውስ ቆጠቡብን አይልም ወይ?» አለች። እንግዳን ማክበር የአገራችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህን ሀብት እናጥፋ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን ቆጣቢና ንፉግ አንድ አይደሉም። ንፉግ ሰው እንዳይበላ ይደብቃል፤ ቆጣቢ ግን ለሚመጣው ሰው እንዲኖር ይጠብቃል። እንግዳ የሚከበረው በፊቱ በተጣለው ትራፊ ብዛት ሳይሆን በተቀበልነው ፊት ነው። በወንጌልም እንደ ተማርነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በበረሃ ጠግቦ ከበላ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ታዝዞ አሥራ ሁለት መሶብ ሞልቷል። እንጀራን ያበዛ ጌታ ትራፊውን ካልናቀ እኛ ምን ነን?

ዘንድሮ ከበዓለ ጥምቀት በኋላ በቤታችን ለ14 ቀን ዳግመኛ ቆጠርሁ። የተጣለው 5 እንጀራ ሆነ። ጥፋታችን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከ24 ወደ 5 ወርዷል። ለዚህም አዲስ ዕቃ አልገዛንም፤ ገንዘብም አላወጣንም።

የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በተስማሙበት ዓላማ መሠረት በገበያና በየቤቱ የሚባክነው ምግብ እስከ 2030 ድረስ በእኩሌታ እንዲቀነስ ታስቧል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 29 ቀን፤ የመስቀል በዓል ካለፈ ጥቂት ቀን በኋላ፤ ይህ ነገር በዓለም ሁሉ ይታሰባል። ነገር ግን ስምምነቱ የሚፈጸመው በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን በሞሰብ ዙሪያ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ብዙ አልጠይቃችሁም። ነገ ከእናንተ እያንዳንዱ ደብተር ይያዝና በቤቱ የሚጣለውን ለ14 ቀን ይቁጠር። ቁጥሩን ለማንም ማሳየት አያስፈልግም፤ ለራሱ ይየው። በዚህ በትምህርት ቤታችን ምግብ ቤትም ከሳህናችን የሚተርፈውን ብናስብ መልካም ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፤ ጥቂቱ ነገር ሲደጋገም ትልቅ ይሆናል።

አያቴ ዛሬ ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች መካከል ናቸው። ታሪካቸውን እንድናገር በጠየቅኋቸው ጊዜ «ለልጆች የሚጠቅም ከሆነ ተናገር» አሉኝ። እማማ፤ የጣልሁትን ጆንያ ልመልስልዎ አልችልም። ነገር ግን አሁን ድርቆሹን የማሰጣው እኔ ነኝ፤ ጆንያውም እንግዳ ሲመጣ አይደበቅም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እለምንዎታለሁ።

እግዚአብሔር ገበታችንን ይባርክልን፤ ለሚቀጥለውም በዓል በሰላም ያድርሰን።