አሥራ ስምንት ብላችሁ አንብቡ

ፊደሉን ለይታችኋል፤ ቁጥሩንም ጀምራችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ዕውቀት ምን እንደምትሠሩበት ነው።

ነገሩን ከአራዳ እንጀምር። ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ የሚባል አሮጌ ሰፈር ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ጠላ እየጠመቁ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ሰው ቤት እየሠሩ በእንዲህ ያለ ሰፈር ኖረዋል። በልጅነቷ ተድራ ከባል ቤት የሸሸች ልጅ መግቢያዋ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ልጅቱ ሳትሸሽ በፊት፣ እዚያው አገር ቤት ሳለች፣ ቤተሰቧ ሊያነብላት የሚገባ ነገር ነበር። ያውም ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ቁጥር ነው። 1 እና 8፤ አሥራ ስምንት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። ልጅቱ ራሷ እሺ ካላለች ጋብቻ የለም።

ለምን 18 ተባለ? ያልጠና አካል ሲያምጥ ሕፃኑ ማለፊያ ያጣል። የሕፃኑ ራስ ተቀርቅሮ ቀናት ይቆያል። የተጫነው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ይሞታል፤ እናቲቱም ሽንቷን መያዝ ያቅታታል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። እርግማን አይደለም፤ ቁስል ነው፤ ይታከማል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1967 ዓ.ም. የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ራሳቸው በዚህ ሕመም የተሠቃዩ የገጠር ሴት ነበሩ። ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ ብዙ ሴቶችንም በእጃቸው አዳኑ።

ሁለተኛው የቀጠሮ ካርድ ነው። በምጥ የሚጎዱት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ትልልቅ እናቶችም ይጎዳሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ለምክርም ለምስጢርም ይመቻሉ። ስታረግዙ ወደ ጤና ኬላው ሂዱ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ራሳችሁ አንብቡ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ፣ ቀናችሁ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ግቡ። ምጥ ከጠና ደግሞ «እስኪ ነገ እንየው» አትበሉ።

ሦስተኛው የመሬት ደብተር ነው። በአማራ ክልል በመሬት ምዝገባው ጊዜ የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ፎቶግራፋቸውም ተለጥፏል። ደብተሩን ከሳጥን አውጡና ስማችሁን ፈልጉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በንብረትም በመሬትም ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል። ስለዚህ ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አውራ ጣታችሁን አታሳርፉ። ያ ጣት መሬታችሁን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አባቶች፣ ይህ ነገር በእናንተ ላይ የመጣ አይምሰላችሁ። እናት ደኅና ስትሆን ቤት ይቆማል። በከተማ ያላችሁ እኅቶች ደግሞ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። ቡናው ሲፈላ ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው።

የዛሬው የቤት ሥራ ቀላል ነው። በየቤታችሁ ያለችውን ሴት ልጅ ስም ጻፉ፤ ከጎኑም ዕድሜዋን በቁጥር አስቀምጡ። ቁጥሩ 18 ካልደረሰ፣ ሽማግሌ ሲላክባችሁ የምትመልሱትን ታውቃላችሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።